ያለ አሚን የተቀዳ ምርቃት

ጫጫታ እጠላለሁ። ይህን የሚለው ወልዲያ ውስጥ አስፋልት ዳር ስቱዲዮ የከፈተ ሰው ስለሆነ ባለቤቴ ብትስቅብኝ አልፈርድባትም። ከፊት ለፊቴ ባጃጆች ተራ ይጠብቃሉ፤ በጎኔ ብረት በያጅ አለ፤ ከጀርባዬ ያለው ግቢ ደግሞ ሰዓት የማያውቅ አውራ ዶሮ አለው። በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ ግድግዳዋን በስፖንጅ ለብጄ፣ በሯን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋርጄ ጸጥታ ፈጥሬያለሁ። ሥራህ ምንድን ነው ስባል ድምፅ እቀርጻለሁ እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሥራዬ ድምፅ ማባረር ነው።

መቅረጫዬ ስምንት ትራክ ያለው ዲጂታል መሣሪያ ነው። ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ ስምንት ክፍል ያለው ቤት ነው እላለሁ። ዘፋኙን አንዱ ክፍል፣ ማሲንቆውን ሌላው ክፍል፣ ከበሮውን ሦስተኛው ክፍል አስገባና በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ አንዱን ሳልነካ ሌላውን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ማሲንቆው ቢሳሳት ማሲንቆውን ብቻ አስደግማለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ክፍል ሾልኮ ካልገባ ነው። የሾለከ ድምፅ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይኖራል። ስለዚህ እኔ ዘንድ ትልቁ ጥፋት መሳሳት ሳይሆን መሹለክ ነው።

ከሁሉ የምወደው የድምፅን መልክ ማስተካከል ነው። ከታች ያለውን ጉምጉምታ እቀንሳለሁ፤ በአፍንጫ የሚወጣ የሚመስለውን መሐሉን አለሳልሳለሁ፤ ከላይ ጥቂት ጥራት እጨምራለሁ። መጨረሻ ላይ ኢኮ፣ የገደል ማሚቶው። ያለ ኢኮ ከስቱዲዮዬ የወጣ ደንበኛ እስካሁን አላስታውስም። ሰው ፎቶ ቤት ሄዶ ፊቱን አጥራልኝ እንደሚለው፣ እኔ ዘንድ የሚመጣውም ድምፁን አጥቤ እንድሰጠው ይፈልጋል። ብዙ ዓመት እንዲህ ስሠራ ድምፅ ሁሉ መታጠብ ያለበት ይመስለኝ ጀመር።

ማሽላው ገና ሳይታጨድ አንዲት መርሳ የምታስተምር ልጅ መጣች። ቁጭ በይ ብላትም አልተቀመጠችም። አባቷ ግራና አካባቢ ገበሬ ናቸው። ጉሮሯቸው ውስጥ የበቀለ ነገር አለ፤ ደሴ ያያቸው ሐኪም ቀዶ ሕክምናው ቶሎ ይሁን ብሏል። ከሕክምናው በኋላ ግን ድምፃቸው እንደማይመለስ ለእሷ ለብቻዋ ነግሯታል። እሷም ለአባቷ ነግራለች።

«ሰርጌ ለጥር ተቆርጧል» አለችኝ። «እኛ አገር ሴት ልጅ ከቤት ስትወጣ አባቷ ደጃፉ ላይ ይመርቃታል፤ የወንዱም የሴቷም ዘመድ ቆሞ። አባዬ ደግሞ እንዲሁ አባት አይደሉም። ሰው ሲታመም፣ መንገደኛ ሲነሣ፣ ዝናብ ሲዘገይ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የሰው ልጅ ሲመርቁ ኖረው የኔ ሲደርስ…»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ራሷ የቀዳችውን አሰማችኝ። ንፋስ፣ ዶሮ፣ የሰው ሳል፣ ከዚህ ሁሉ ሥር የሆነ ሽማግሌ። በሰርግ ቤት ስፒከር ቢከፈት ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይሆናል። «ይዘሻቸው ነይ፤ እኔ አጥርቼ እሰጥሻለሁ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ኮራ ብዬ ነበር።

በማግስቱ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን አንድ ትከሻ ላይ ጣል ያደረጉ፣ ሙስባሃ፣ ያ የዱዓ መቁጠሪያ፣ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ቃል ሲጀምሩ እንደ ዛገ መቀርቀሪያ ትንሽ ይይዝና ይለቃል። በሩ ላይ ቆመው ሰላምታውን ከሥሩ ጀመሩ።

«እንዴት ከረምክ? ቤተሰቡ ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱስ?»

«ከብት እንኳ የለኝም አባባ።»

«አላህ ይስጥህ።»

ልጅቱ ከኋላቸው «አሚን» አለች። እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም፤ ዓይኔን እያዩ ቆሙ። እኔም በራሴ ሃይማኖት ወግ «አሜን» አልኩ። ያኔ ነው የገቡት። ነገሩን ያን ጊዜ ልረዳው ይገባኝ ነበር። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ሙስሊሙ ሲመርቅ አሚን፣ ቄሱ ሲባርኩ አሜን እያልኩ ያደግሁ ሰው፣ ማይክ ፊት ስቆም ግን ያንን ሁሉ ረስቼ ቴክኒሻን ብቻ እሆናለሁ።

ወንበር ሰጥቻቸው ማይኩን ወደ አፋቸው አቀረብኩ። ልጅቱን ጥግ አስቀመጥኳት። እጃቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ከደኑ።

«ቢስሚላህ። ያ ረቢ፣ የወጣችበት ደጅ አይዘጋባት።»

«አሚን» አለች ልጅቱ።

አቆምኩት። «እህቴ፣ አሚን አትበይ። ድምፅሽ የሳቸው ትራክ ውስጥ ይገባል። አሚኑን በኋላ ለብቻው እቀዳዋለሁ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «አሚንን ለብቻው?»

«አዎ አባባ። ለብቻው።»

«ከምኑ ነጥለህ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። እንደገና ጀመሩ፣ የመጀመሪያውን ቃል ብለው ዝም አሉ፣ ጠበቁ። ክፍሉ እኔ የምኮራበትን ጸጥታ መለሰላቸው። ልጅቱ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። ሁለተኛውን አሉ፤ ጠበቁ፤ ምንም የለም። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቃሉ ጠፋባቸው።

«ኧረ ጠፋኝ» አሉ፣ እንዳፈሩ።

ዕድሜ ልካቸውን ያለ ወረቀት ሲመርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ግን ማይኩ አስፈርቷቸው ነው ብዬ «አይዞዎት፣ አንዴ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። ደገሙ። ልጅቱ ሳታስበው ትንሽ አሚን አመለጣትና ተቆጣኋት፣ አስደገምኩ። ሳል መጣባቸው፣ አስደገምኩ። ውጭ በያጁ ጀመረ፣ ወጥቼ ተጨቃጭቄ ተመለስኩና አስደገምኩ። አራት ጊዜ ነው ያስደገምኳቸው። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ድምፅ ከመጀመሪያው ግማሹን አያክልም። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል። ሊያልቅ ሳምንት የቀረውን ድምፅ በከንቱ እንደ ውሃ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሦስት ቀን ተቀምጬ ሠራሁት። ከአራቱ ቀረጻ ደህና ደህናውን ለቅሜ ገጣጠምኩ። ሳሉን ቆረጥኩ። በየቃሉ መሐል የነበረውን ባዶ ቦታ አሳጠርኩ። ሻካራውን ድምፅ ፈልጌ፣ የተቀመጠበትን ቦታ አግኝቼ፣ ዝቅ ዝቅ አደረግሁት፤ የሚይዘው መቀርቀሪያ ተፈታ። ኢኮ ስጨምርበት ሽማግሌው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የቆሙ መሰሉ። ባለቤቴ ሰማችና «የሬዲዮ ሰው አስመሰልካቸው» አለች። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ሊሰሙ የመጡት ወደ ደሴ ሊሄዱ አምስት ቀን ሲቀራቸው ነው። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «የማን ነው?»

ልጅቱን አየኋት፤ ግድግዳውን ታያለች። «የርስዎ ነው እንጂ አባባ» አልኳቸው።

«የኔ?» ትንሽ አሰቡ። «እኔ እንዲህ አልሮጥም።»

ተናደድኩ። ስለ ትራክ፣ ስለ መሹለክ፣ ስለ ሰርግ ቤት ስፒከር፣ ስለ ሦስት ቀን ድካሜ ተናገርኩ። የተቆጣሁት እውነት ስለነገሩኝ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። እሳቸው ንግግሬን እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ሰው ሲናገር የማቋረጥ ልማድ የላቸውም።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ምርቃት ለብቻ አይሆንም። እኔ አንዱን እላለሁ፣ ሰው ይቀበለኛል። ሲቀበለኝ ነው ቀጣዩ የሚመጣልኝ። እኔ የምለውን አስቀድሜ አላውቀውም እኮ፤ አሚኑ ነው የሚያመጣልኝ። እዚህ ቤት ቁጭ ብዬ ባልኩ ቁጥር የሚቀበለኝ ሰው ሲጠፋ፣ ጥሩ ነገር የተናገርኩ አልመሰለኝም። የተራገምኩ መሰለኝ።»

ይህን ተናግረው ለመጨረስ ብዙ ቆይተዋል። በየመሐሉ ያ መቀርቀሪያ ይይዛቸው ነበር። ልጅቱ ተነሥታ ጋቢያቸውን አስተካከለችላቸውና ለእኔ «አላህ ይስጥልን፣ ይበቃል፤ ያለውን እንወስዳለን» አለችኝ። እንዲህ በትሕትና ከምታመሰግነኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ እራት አልበላም አልኩ። ባለቤቴ ነገሩን ከሰማች በኋላ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሦስተኛው አንተ ነህ» አለች። «ሰውዬው እዚህ መጥተው ካልቻሉ ለምን አንተ አትሄድም? መሣሪያህ በባትሪ ይሠራ የለም እንዴ?»

ይሠራል። ከስቱዲዮዬ ውጭ ሠርቼበት ግን አላውቅም ነበር። ውጭ ጫጫታ አለ።

በማግስቱ ለልጅቱ ደወልኩላትና ቅዳሜ መቅረጫውን በፎጣ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ላይ መኪናው ቆሞ ሰው ሁሉ በፓፓያ ዋጋ ሲከራከር እኔ መሣሪያዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር። መርሳ ላይ ልጅቱ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ግራና መንገድ ገባን። አቧራውን አይቼ በሆዴ መሣሪያዬ አለቀለት አልኩ።

ቤቱ ውስጥ ስገባ ሰፈሩ ሁሉ አለ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ይንጣጣል፣ ጓሮ ጥጃ ታስራ ትጮኻለች። አንዱን ማይክ ከሽማግሌው ፊት፣ ሁለተኛውን ወደ ወንዶቹ፣ ሦስተኛውን ወደ ሴቶቹ አቆምኩ። ማዳመጫውን ሳጠልቅ ሁሉም ነገር ሁሉም ማይክ ውስጥ ይሰማል። ስለ ጥጃዋ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ያዩኛል። መልሼ ዘጋሁት።

«ምን ልበል?» አሉኝ። «ዝም ይበል ሰዉ?»

«የለም አባባ። እንደ ወትሮው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ሃምሳ የሚሆን እጅ አብሮ ተዘረጋ።

«ቢስሚላህ። ያ ረቢ፣ የወጣችበት ደጅ አይዘጋባት።»

«አሚን!»

የድምፅ መለኪያው መብራቶች ሦስቱም ትራክ ላይ አብረው ዘለሉ። ደንበኛ ስቱዲዮ ቢሆን አቁም የምልበት ቦታ ነው።

«የገባችበት ቤት አይጥበባት።»

«አሚን!»

«ቃሏ ይሰማላት። እጇ የነካው ይባረክላት።»

«አሚን!»

ማዳመጫ ያደረገ ሰው ሌላው የማይሰማውን ይሰማል። አሚኑ ሲመጣ ሽማግሌው ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ ከእሱ ላይ ተነሥተው ነው ቀጣዩን የሚናገሩት። ቃሉ ሲይዛቸው አሚኑ ይረዝምላቸዋል፤ ሰዉ ሳይነጋገር እስኪለቅላቸው ያቆይላቸዋል። እዚያ ሕመምተኛ ጉሮሮ ውስጥ የቀረውን ድምፅ ጎረቤቶቻቸው በየተራ ሲሸከሙላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ስቱዲዮዬ ውስጥ ያልመጡ ምርቃቶች መጡ፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ አማቾቿ፣ ስለ አገሩ ሰላም፣ ስለ መንገደኛው ሁሉ። አንዴ ብቻ ነው የቀዳሁት። ሲጨርሱ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አበሱና ውሃ አሉ፤ የጠየቁት በምልክት ነው።

ሰኞ ደሴ ሄዱ።

ወልዲያ ተመልሼ ሥራውን ስከፍት እጄ እንደ ልማዱ ሻካራውን ድምፅ ሊቀንስ ሄደ። ቀነስኩና ሰማሁ፤ ሰውየው ከቀረጻው ወጥተው ሄዱ። መለስኩት፤ ተመልሰው ገቡ። እንዲያ ሁለት ሦስት ጊዜ አወጣኋቸው፣ አስገባኋቸው። ለካ ያ መቀርቀሪያ የበሽታው ብቻ አልነበረም፤ ሰውየው ቃል ከመስጠታቸው በፊት የሚያስቡባት ቦታ ናት። ስለዚህ ከታች ያለውን ጉምጉምታ ብቻ፣ የሰርግ ቤት ስፒከር እንዳያባዛው፣ ጥቂት ዝቅ አድርጌ ሌላውን ተውኩት። ኢኮ አልጨመርኩም። ጥጃዋም አለች።

የቀረው የሁለቱ የአሚን ትራኮች ጉዳይ ነው። ከፍ ብለው ቢሰሙ ቀረጻው ሙሉ ይሆናል። ግን ቀረጻው ራሱ መርቆ ራሱ ከተቀበለ፣ ሰርገኛው ምን ሊሠራ ነው የሚቆመው? እንደ ዜና አዳምጦ ሊሄድ ነው። ሁለቱን ትራኮች ዘጋኋቸው። በሽማግሌው ማይክ ሾልኮ የገባው አሚን ብቻ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ሆኖ፣ ቀረ። ባለቤቴ አልተስማማችም። «ሰው ለሰው ነው አሚን የሚል፤ ለስፒከር ማን ይላል? ልጅቱን ደጃፍ ላይ ታሳፍራታለህ» አለች። እሷ እንዲህ ስትል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት፤ ይህም ያናድደኛል። በመጨረሻ መቅረጫውን ራሱን ይዤ እንድሄድ ተስማማን። ሰው ዝም ካለ የአሚኑን ትራክ በጣቴ ከፍ አደርጋለሁ።

በጥር ሄድኩ። ከሐራ የመጡት ሙሽራውን የያዙ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ መንደሩን ሞልተውታል። ሽማግሌው ደጃፉ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ከስተዋል። ሰላም ስላቸው እጄን ይዘው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ምንም አልተሰማኝም፤ ሰላምታውን ከሥሩ እንደጀመሩት ግን አወቅሁ። ከብቱ ጋ ሲደርሱ «እንዳለ ነው አባባ» አልኳቸውና በዓይናቸው ሳቁ።

ልጅቱ ተሸፋፍና ወጣች፤ አባቷ ፊት ቆመች። መሣሪያውን ከስፒከሩ ጋር አገናኝቼ ቁልፉን ተጫንኩ።

«ቢስሚላህ። ያ ረቢ፣ የወጣችበት ደጅ አይዘጋባት።»

ያ ሻካራ ድምፅ ግቢውን ሞላው። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ለአሚን የተተወው ክፍት ቦታ መጣ፤ ከስፒከሩ ያ የሩቁ አሚን ተሰማ እንጂ ከግቢው ማንም አልተናገረም። ሰዉ አንዴ ስፒከሩን፣ አንዴ ዝም ብለው የተቀመጡትን ሽማግሌ ያያል፤ ለየትኛው እንደሚመልስ ግራ ገብቶታል። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅማ። ስቱዲዮዬ ውስጥ የነበረው ጸጥታ ነው፤ ተከትሎኝ እዚህ ድረስ የመጣ መሰለኝ። ባለቤቴ ልክ ነበረች አልኩ። ጣቴን የአሚኑ ትራክ ላይ አድርጌ ወደ ላይ መግፋት ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ለራሳቸው ምርቃት። አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ከፈቱ። ድምፅ የለውም። ግን አሚን ነው፤ ያየ ሁሉ አወቀው።

«አሚን» አለች ልጅቱ፣ ጮክ ብላ። አትበይ ብዬ የተቆጣኋት ልጅ።

«አሚን!» አለ ግቢው።

ትራኩን መልሼ ዘጋሁት። እጄን ከመሣሪያው ላይ አንሥቼ እንደ ሰው ሁሉ ዘረጋሁ፤ ቀጣዩም መጣ።